ፕላን ወደ ሰፈር ሲመጣ

በአዲስ አበባ ረዘም ላለ ጊዜ የኖረ ሰው፣ አዲስ የቤት ልማት ወደ አንድ ሰፈር መምጣቱ በምን በምን ምልክት እንደሚታወቅ መምህር አያሻውም፤ በመጀመሪያ ሦስት እግር ባለው መሣሪያቸው ላይ አጎንብሰው የሚለኩ ወጣቶች ይታያሉ፤ ቀጥሎ በአጥሩና በበሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያም ወሬው ከአንዱ ቤት ቡና ወደ ሌላው ቤት ቡና እየተሸጋገረ፣ አንዱ «በመስከረም ነው አሉ»፣ ሌላው «የለም፣ የእኛ ወገን አልተነካም» እያለ ሲሰነብት፣ በመጨረሻ የወረዳው የስብሰባ ጥሪ ይደርሳል። ነዋሪው ምን እንደሚመልስ ማሰብ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ቀዩ ቁጥር በበሩ ላይ በተጻፈበት ቀን፣ ስለ ሰፈሩ ዕጣ ሊነገር ከሚገባው ነገር እኩሌታው፣ ምናልባትም ከእኩሌታው የሚበልጠው፣ ተመክሮበት፣ በካርታ ተስሎ፣ በማኅተም ጸንቶ ያለቀ ይሆናል። ስለዚህ ልማቱ መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፣ ነዋሪው ቃሉ ሊሰማ በሚችልበት ጊዜና በሚሰማበት ቋንቋ እንዴት እንደሚናገር እንመልከት።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው ቃል በየስብሰባው ሲደጋገም ስለ ኖረ፣ ብዙ ሰው በ1987 ዓ.ም. ከጸናው ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 40 የሚያውቀው ይህንኑ ወገን ብቻ ነው፤ ከዚያው አንቀጽ ዝቅ ብሎ ግን፣ ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ያለው መሆኑ፣ መንግሥትም ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን በሚወስድበት ጊዜ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ሊከፍል የሚገባው መሆኑ ተደንግጓል። ለያዝነው ጉዳይ ከእነዚህም ይልቅ የሚጠቅመው አንቀጽ 43 ነው፤ ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራልና። እንግዲህ ነዋሪውን ለውይይት የሚጠራው ሹም ግዴታውን ይፈጽማል እንጂ ችሮታ አያደርግም፤ ነዋሪውም ወደ አዳራሹ ሲገባ እንደ ተማጻኝ አንገቱን ሰብሮ ሳይሆን እንደ ባለ ጉዳይ ቀና ብሎ ሊገባ ይገባዋል።

ፕላን እንደ መና በአንድ ሌሊት ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የከተማን ፕላን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል፤ የመጀመሪያው መላውን ከተማ የሚያቅፈው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድን ሰፈር ለይቶ፣ መንገዱን፣ የሕንፃውን ከፍታ፣ የቦታውን አገልግሎት በዝርዝር የሚወስነው የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ባለሙያዎቹ ኤል-ዲ-ፒ እያሉ የሚጠሩት ነው። አዋጁ የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን የፕላን ዝግጅት መርሖች አድርጎ አስቀምጧል። የሚያስገርመው ነገር፣ ነዋሪው ቃሉ ከሁሉ የበለጠ ክብደት በሚኖረው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ፈጽሞ አለመታየቱ ነው፤ መዋቅራዊ ፕላን ሲባል ነገሩ ሩቅ፣ የሊቃውንት ጉዳይ ይመስለዋልና። ነገር ግን እዚህ ሰፈር ያረጁ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ይሠራል፣ እዚያ ሰፈር አረንጓዴ ቦታ ይሆናል፣ በዚህ በኩል ሰፊ መንገድ ያልፋል የሚለው ፍርድ የሚሰጠው በዚያ ደረጃ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚያ ፍርድ አፈጻጸም ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። አሁን አዲስ አበባ የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. እንዲያገለግል የተዘጋጀ ስለ ሆነ ዘመኑ ሊፈጸም ተቃርቧል፤ ተተኪው ሲዘጋጅ፣ ረቂቁ የት እንደሚታይና አስተያየት እስከ መቼ እንደሚቀበሉ አስቀድሞ ጠይቆ የተጠባበቀ ሰፈር፣ በኋላ በቀይ ቀለም ከመደንገጥ ይድናል።

ፕላኑን ሳያዩ ስለ ፕላኑ መናገር ነፋስን እንደ መጎሰም ነውና፣ የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቱን ማግኘት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃን የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ እንደሚገባው ይደነግጋል፤ ጥያቄው ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቢሆን፣ «የሰፈራችን የአካባቢ ልማት ፕላንና ማብራሪያው እንዲሰጠን» ተብሎ በስሙ ተጠርቶ ቢጠየቅ ይሻላል። ካርታው ከተገኘ በኋላ በቀለሙ ብዛት መደናገር አያስፈልግም። በዳር በኩል ባለው የቀለም መፍቻ እየተመሩ አራት ነገር ብቻ መፈለግ ነው፦ የሰፈሩ መንገድ ስንት ሜትር ስፋት እንደ ተሰጠው፣ የእያንዳንዱ ቦታ አገልግሎት ምን እንደ ሆነ፣ ሕንፃው እስከ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ ወንዙና የጎርፉ መውረጃም ምን እንደ ተደረገ። በሰፈሩ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ወይም የሥነ ሕንፃ ተማሪ አይጠፋም፤ ያን ወጣት ጠርቶ፣ ካርታውን በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ዘርግቶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ማስነበብ ከብዙ ቀን ሐሜት ይበልጣል። ለፕሮጀክቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የተዘጋጀለት ከሆነም፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ እንዲቀርብና የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲታከልበት ስለሚያዝ፣ እርሱንም ጨምሮ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ስብሰባው እንምጣ። ከመግቢያው በር አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ተዘርግቶ፣ ገቢው ሁሉ ስሙን፣ የቤት ቁጥሩንና ስልኩን ጽፎ ይፈርማል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከራስጌው ምን እንደ ተጻፈበት ሳያነቡ የሚፈርሙበት ወረቀት ነው። «በስብሰባው የተገኙ» የሚል ካለበት መገኘትን ብቻ ይመሰክራል፤ ራስጌው ባዶ ከሆነ ግን፣ በኋላ ከቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ እንደ ስምምነት ፊርማ ሊቆጠር ይችላልና፣ ብልህ ሰው ከፊርማው ጎን «ለመገኘቴ ብቻ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያም በኋላ መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ማብራሪያቸውን ሰጥተው «ጥያቄ ያለው» ሲሉ፣ በልማዳችን የመጀመሪያው ተናጋሪ ለመንግሥት፣ ለወረዳው፣ ለስብሰባው አዘጋጆችና ለሽማግሌዎች ምስጋና ሲያቀርብ እኩሌታው ሰዓት ያልቃል፤ ሁለተኛው የራሱን ቤት ጉዳይ ብቻ ይናገራል፤ ሦስተኛው ይቆጣል፤ ከዚያ ጭብጨባ ሆኖ ጉባኤው ይፈታል። ይህ እንዳይሆን ሰፈሩ አስቀድሞ በዕድሩ ወይም በጽዋ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሦስት ወይም አራት ተናጋሪ ቢመርጥ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጥያቄ ቢያከፋፍል፣ አንድ ጽሕፈት የሚችል ሰውም የተባለውንና የተመለሰውን ሁሉ ከነተናጋሪው ስም መዝግቦ ቢይዝ፣ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ይሆናል። ከመበተን በፊትም «የጠየቅነው በቃለ ጉባኤው ይግባልን፣ ግልባጩም ይሰጠን» ማለት ነውር የለበትም፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ ሹሙ ሲዛወር አብሮት ይዛወራል።

በቃል የተነገረው ሁሉ በጽሑፍ መከተል አለበት። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ለብዙ ዘመን የድኻው ብዕር ሆነው ያገለገሉ ስለ ሆኑ ላቃልላቸው አልሻም፤ ነገር ግን ከንጉሥ ችሎት ዘመን ጀምሮ የወረስነው የአቤቱታ አጻጻፍ፣ «እኔ አቅመ ደካማ፣ የልጆች እናት፣ ከእግዚአብሔር በታች ደጅ የምጠናው…» እያለ የሚወርደው፣ ምሕረት ለመለመን የተበጀ ነው። ፕላን አውጪው ምሕረት የማድረግ ሥልጣን የለውም፤ መስመር የማንቀሳቀስ ሥልጣን ግን አለው። ስለዚህ የሚጻፍለት ነገር መስመር የሚያንቀሳቅስ መሆን አለበት። የጎረቤቴ ድርሻ ከእኔ በለጠ፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጡትን ሰዎች አንወዳቸውም፣ እገሌ ጉቦ በልቷል አሉ የሚለው ሁሉ፣ አንዳንዱ እውነት ሊሆን ቢችልም፣ ማስረጃ እስካልቀረበለት ድረስ ፕላኑን አንዲት ክንድ አያነቃንቀውም፤ በአንጻሩ የጎርፍ፣ የመንገድ፣ የትምህርት ቤት፣ የውኃና የፍሳሽ፣ የቅርስ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚያስገባ መተላለፊያ፣ ሰው በሰፈሩ ውስጥ የሚተዳደርበት ሥራ ጉዳይ ከፕላን ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገር ነው። «አካባቢያችን በጎርፍ ይጠቃል» ከማለት፣ ቱቦው በየትኛው የቤት ቁጥር አጠገብ እንደሚደፈን፣ ባለፈው ሐምሌ በየትኛው ቀን ውኃው እስከ የትኛው ደፍ እንደ ደረሰ ጽፎ፣ ፎቶግራፉን ከነቀኑ አያይዞ፣ «በዚህ ተዳፋት ላይ ፎቅ ሲሠራ የጣራው ውኃ በየት በኩል ይወርዳል» ብሎ መጠየቅ እጅግ ይልቃል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያነብ መሐንዲስ ወይ መልስ መስጠት ወይ ሥዕሉን ማረም ግድ ይሆንበታልና። ማመልከቻውም በሹሙ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ የሚወጣ አይደለም፤ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ በነዋሪው ቅጂ ላይ ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልተጻፈ ነው።

ሰፈር አንድ ቃል ይናገር ማለት ቀላል ነው፤ ሰፈር ግን አንድ ሰው አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገብተው ነበርና፣ እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ ግቢ ውስጥ ካርታ ያለው ባለ ይዞታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ በዚያው የቤት ቁጥር የተጠጋ ደባል፣ ከደጃፉ ጉልት ዘርግታ የምትተዳደር እናት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ልማቱ ሲመጣ ለባለ ካርታው የካሳና የምትክ ቦታ ጥያቄ ነው፤ ለቀበሌ ተከራዩ የኮንዶሚኒየም ወይም የሌላ የቀበሌ ቤት ጥያቄ ነው፤ ለደባሉ በመዝገብ ላይ የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ነው፤ ለጉልቷ እናት ደግሞ ከነገ ወዲያ ማን ይገዛኛል የሚል ጥያቄ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በመጣ ግፊት ሳይሆን፣ ባለ ካርታዎቹ የራሳቸውን ካሳ ከጨረሱ በኋላ ሌላውን ረስተው በመቅረታቸው ነው እላለሁ። ኮሚቴው ሲቋቋም ከአራቱም ወገን ሰው ቢኖርበት፣ ማመልከቻውም የአራቱን ጥያቄ ለየብቻ ቢዘረዝር፣ ቃሉ የአንድ ወገን ጥቅም ተብሎ አይናቅም።

የልማት ተነሺዎችን ጉዳይ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዚህ ረገድ ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለው፤ ሰው ከሰፈሩ ሲነሣ ጣራና ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ጎረቤትም እንደሚያጣ ተገንዝቦ፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳን በሕግ አስገብቷል። አባቶቻችን ያቋቋሙት ዕድር በገንዘብ ይተመናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሕግ የማያውቀውን ነገር መጠየቅ ስለማይቻል፣ መታወቁ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ከዚሁ ጋር የዕድሩ መዝገብ፣ የአባላቱ ብዛትና የመዋጮው ታሪክ እንደ ማስረጃ ቢቀርብ፣ «በአንድነት ወደ አንድ ሥፍራ እንመደብ» ለሚለው ልመና የጽሑፍ መሠረት ይሆነዋል።

ይህን ሁሉ ስል ልማቱን መቃወም ሁልጊዜ ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም። በጭቃና በእንጨት የተሠሩት፣ አንዱን መጸዳጃ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጋራባቸው ግቢዎች እንዳሉ ይቆዩ ብሎ የሚከራከር ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በእነርሱ ውስጥ የማይኖር ነው፤ ደግሞም በሚሠራው ፎቅ ውስጥ የሚገባው ወጣት ባለ ትዳር፣ ተመዝግቦ፣ ቆጥቦ፣ ለዓመታት ዕጣ ሲጠብቅ የኖረው፣ በስብሰባው ላይ ወንበር የለውም። ነዋሪው «አይሆንም» ብቻ ብሎ ሲመለስ የዚያን ያልተገኘ ሰው ጉዳይ መርሳቱ ነውና፣ ከተቃውሞ ይልቅ ብርቱ የሆነው መልስ «እንዲህ ቢሆንስ» የሚለው ነው።

ይህ መልስ ምን ያህል ሊራመድ እንደሚችል በለንደን ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳርቻ ያለው ኮይን ስትሪት የተባለው ሰፈር ያሳያል። የፕላን ሊቅ የነበሩት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባን ፕላን ያዘጋጁት እኚያው ሰው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በነደፉት የለንደን ፕላን ያን የወንዝ ዳርቻ ከነበረበት የፋብሪካና የመጋዘን መልክ ሊያወጡት አስበው ነበር፤ ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ግን ቤቶቹ በቢሮ ሕንፃ እየተተኩ፣ ነዋሪው እየሳሳ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት እየተዘጋ ሄደ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ዕቅድ ለዚሁ ሥፍራ ሲቀርብ፣ የቀሩት ነዋሪዎች ዕቅዱን በመቃወም ብቻ አልተወሰኑም፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው፣ ተመጣጣኝ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች፣ የሕዝብ መናፈሻን፣ ሱቆችንና በወንዙ ዳር የእግር መንገድን የያዘ የራሳቸውን ፕላን ነደፉ። ሁለቱ ዕቅዶች በሁለት የሕዝብ ምርመራ ጉባኤዎች ፊት ጎን ለጎን ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ሚኒስትሩ ለሁለቱም ፈቃድ ሰጠ። እንዲህ ያለ ፍርድ ነገሩን አንጠልጥሎ የሚተው ቢመስልም፣ የነዋሪዎቹ ወገን መታገሉን አላቋረጠምና ባለ ቢሮዎቹ ደክመው ድርሻቸውን ለታላቋ ለንደን ምክር ቤት ሸጡ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ 13 ኤከር ያህሉን መሬት በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ነዋሪዎቹ ላቋቋሙት ማኅበር ሸጠለት። ዛሬ በዚያ ሥፍራ በአራት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተዳደሩ 220 ቤቶች አሉ። ማኅበሩ ያሸነፈው ድምፁን ከፍ በማድረጉ ሳይሆን፣ ምርመራውን የሚመሩት ሰዎች ከባለ ቢሮዎቹ ሥዕል ጋር የሚያነጻጽሩት ሌላ ሥዕል በጠረጴዛው ላይ በማስቀመጡ ነው።

የለንደን ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ፣ ከላይ የጠቀስነውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አንቀጽ 7ን ይመልከት፤ መልሶ ማልማት በሚደረግበት የከተማ ቦታ ያሉ ባለ ይዞታዎች፣ በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን መብት የሚያውቀው ነዋሪ ጥቂት ይመስለኛል፤ የሚያውቀውም ገንዘቡን ከወዴት አገኛለሁ ብሎ ይተወዋል። በእርግጥ ፎቅ ለመሥራት አቅም ይጠይቃል፤ ነገር ግን አሥር ባለ ካርታዎች ይዞታቸውን አዋሕደው፣ ማኅበር መሥርተው፣ ከባንክ ወይም ከሕንፃ ሠሪ ጋር ተዋውለው የሚቀርቡበት መንገድ በሕግ አልተዘጋም። ዝግጅቱ ከአንድ ዓመት በፊት መጀመር አለበት እንጂ በስብሰባው ማግስት የሚሆን አይደለም፤ አዋጁም ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲወያዩ ሲያዝ፣ ምንም እንኳ ለአስቸኳይ ጉዳይ ልዩ ሁኔታ ቢተውም፣ ይህንኑ ጊዜ ለነዋሪው ሰጥቶታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የማስነሻው ትእዛዝ ከወጣ፣ የቀረው የይግባኝ መሰላል ነው። በአዋጁ መሠረት ትእዛዙ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል ያመለክታል፤ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቅሬታ ሰሚው ዘንድ የሚቀርበው ነገር ከፕላን ክርክር የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚያ የሚመረመረው የልኬቱ ትክክለኛነት፣ የተዘለለ ንብረት፣ የካሳው ስሌት፣ የምትክ ቦታው ነገር ነው እንጂ ፎቁ ስድስት ይሁን ስምንት የሚለው ጥያቄ ሰዓቱ አልፎበታል። በደሉ የአሠራር በደል ከሆነ፣ መልስ መንፈግ፣ ማጉላላት፣ መረጃ መከልከል ከሆነ፣ የእንባ ጠባቂ ተቋም ደጁ ክፍት ነው፤ ለዚያ አቤቱታ ክፍያ አይጠየቅም። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለም፣ ወደ ቅሬታ ሰሚ የሚሄድ ሰው ማሻሻያውን ከነጋሪት ጋዜጣ ወይም ከሕግ ባለሙያ አግኝቶ ይሂድ።

አንባቢ ሆይ፣ ትእዛዙ በእጅዎ ሲገባ ከሁሉ አስቀድመው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የደረሰዎትን ቀንና ያደረሰውን ሰው ስም ይጻፉ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያች ዕለት ነው።